ስምንት ካርታ ይበቃል ወይስ አይበቃም? ስለ ስቲምወርልድ ክዌስት የሰማሁትና የማምንበት

«ስቲምወርልድ ክዌስት» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እስከ መጨረሻው የተጫወቱ ሰዎች ብዙ ናቸው ብዬ አልገምትም፤ እኔ ከማውቃቸው ጥቂቶች መካከል ግን ስለ ጨዋታው አንድ ዓይነት አስተያየት ያላቸውን ሁለት ሰዎች ማግኘት ቸግሮኛል። አንዱ በመጫወቻ ካርታ የሚደረገውን ውጊያ አድንቆ አይጠግብም፤ ሌላው ያንኑ ውጊያ «መጀመሪያ ይጥማል፣ እየቆየ ያሰለቻል» ብሎ መሃል ላይ ይተወዋል። ሁለቱንም ወገኖች ካዳመጥሁና ጨዋታውን ራሴም ከጨረስሁ በኋላ፣ አድናቂውም ሆነ ተቺው የሚናገሩት ስለ አንድ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ይኸውም ሠሪዎቹ ለእያንዳንዱ ጀግና ስምንት ካርታ ብቻ መፍቀዳቸው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሙሉ ስሙ «ስቲምወርልድ ክዌስት፦ ሃንድ ኦቭ ጊልጋሜክ» ሲሆን፣ የሠራው በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ የነበረው ኢሜጅ ኤንድ ፎርም የተባለ ስቱዲዮ ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2019 ለኒንቴንዶ ስዊች፣ በተከታዩ ወር ደግሞ ለኮምፒውተር ወጣ። ስቱዲዮው ከዚያ በፊት በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ ሮቦቶች የሚኖሩበትን ይህንኑ ዓለም በተለያየ የጨዋታ ዓይነት ሲያሳየን ቆይቷል፤ በ2013 መሬት እየቆፈሩ ማዕድን የሚያወጡበትን «ዲግ»፣ በ2015 በጠፈር መርከብ ውስጥ በየተራ የሚታኮሱበትን «ሃይስት»፣ በ2017 ደግሞ «ዲግ 2»ን አቅርቧል። ክዌስት ከእነዚህ ሁሉ የተለየ፣ በምዕራፍ በምዕራፍ የተከፈለ፣ የተረት መጽሐፍ መልክ ያለው አርፒጂ፣ ማለትም ጀግኖችን እየመሩና እያጠነከሩ ታሪክ የሚከተሉበት የጨዋታ ዓይነት ነው። ጀግና ለመባል የምትመኘው አርሚሊ፣ የአልኬሚ ጥበብ የምታውቀው ጓደኛዋ ኮፐርኒካ እና ሆደ ቡቡው ግዙፍ ጋሌዮ ጉዞ ይጀምራሉ፤ ሌሎችም እየቆዩ ይቀላቀሏቸዋል። ውጊያ ላይ ግን በአንድ ጊዜ የሚሰለፉት ሦስት ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ውጊያው። ሦስቱ ጀግኖች እያንዳንዳቸው ስምንት ካርታ ይዘው ይመጣሉ፤ ሃያ አራቱ ካርታ አንድ ላይ ይበወዝና ስድስቱ እጃችን ላይ ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ተራ ሦስት ካርታ እንጥላለን፤ የማንፈልጋቸውን ደግሞ እስከ ሁለት ድረስ መልሰን በምትካቸው መሳብ ይፈቀድልናል። አንዳንዱ ካርታ ተራ ምት ሲሆን፣ ሲጣል የእንፋሎት ግፊት ይጨምራል፤ ጠንካራው ካርታ ግን ያንን የተጠራቀመ ግፊት ይበላል። ሦስቱም የተጣሉት ካርታዎች የአንድ ጀግና ከሆኑ ጀግናው በያዘው መሣሪያ የሚወሰን አራተኛ ካርታ በነጻ ይጨመራል፤ ይህን ሰንሰለት እንለዋለን። ሕጉ ይኸው ነው፤ ኮንከር ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ውጊያዎች ካየ በኋላ ይገባዋል።

ሕጉ ቀላል ይምሰል እንጂ የሚያስከትለው ሐሳብ ቀላል አይደለም። እጃችሁ ላይ ሁለት የአርሚሊ ተራ ምቶች፣ ሁለት ግፊት የሚጠይቅ አንድ የአርሚሊ ከባድ ምት፣ አንድ የኮፐርኒካ አስማት፣ አንድ የጋሌዮ ተራ ምት እና እንደ ከባዱ ምት ሁለት ግፊት የሚፈልግ የጋሌዮ መፈወሻ አለ እንበል። የግፊት መለኪያው ባዶ ነው፤ ኮፐርኒካ ደግሞ አንድ ዱላ ቢጨመርባት ትወድቃለች። የአርሚሊን ሦስት ካርታዎች በተከታታይ ብትጥሉ ሁለቱ ተራ ምቶች ግፊቱን ይሞሉታል፣ ሦስተኛው ይበላዋል፣ አራተኛው ካርታ በነጻ ይመጣል፤ ጠላትም ምናልባት ይሞታል። ካልሞተስ? አንድ የአርሚሊና አንድ የጋሌዮ ተራ ምት ጥላችሁ በመፈወሻው ብትጨርሱ ኮፐርኒካ ትድናለች፤ ሰንሰለቱ ግን ይቀራል፣ ጠላትም እንደ ቆመ ነው። ወይም ሁለቱን የመቀየር ዕድሎች ተጠቅማችሁ የማይፈለገውን መልሳችሁ የተሻለ እንዲመጣ ትመኛላችሁ። ለካርታ ሰው ይህ ዓይነቱ መጨናነቅ ከመዝናናት ይቆጠራል፤ ካርታ ለማይወድ ሰው ግን ሥራ ነው።

ከአድናቂዎቹ ወገን የሰማሁት በጣም የተብራራ አስተያየት የእህቴ ልጅ የነገረችኝ ነው። ኮምቦልቻ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ሶፍትዌር የምትማር ልጅ ናት። እንደ እርሷ አባባል በሌሎች የካርታ ጨዋታዎች ካርታው እየበዛ ሲሄድ የሚፈለገው ካርታ በሚፈለግበት ሰዓት መድረሱ ዕድል ይሆናል፤ እዚህ ግን ስምንት ብቻ ስለሆነ እያንዳንዷ ካርታ በቅርቡ ተመልሳ እንደምትመጣ ይታወቃል፣ ስለዚህም ሁለትና ሦስት ተራ ወደ ፊት አስቦ መጫወት ይቻላል። በጨዋታው ውስጥ ከመቶ በላይ ካርታዎች መኖራቸውን ጠቅሼ «ታዲያ ስምንት ብቻ መያዝ አያናድድሽም?» ብዬ ብጠይቃት፣ «አጎቴ፣ የሚጣፍጠው እኮ መተው ነው» አለችኝ። ዘጠነኛዋን ካርታ ትታ የመጣችበትን ምክንያት ለማስረዳት የፈጀችው ጊዜ ውጊያው ራሱ ከሚፈጀው ይበልጥ ነበር። ካርታዎቹ በዕጣ ወይም በተጨማሪ ክፍያ የሚገኙ አለመሆናቸውንም ደጋግማ ታመሰግናለች፤ ከየሳጥኑ ይገኛሉ ወይም በየመንገዱ ከምታገኘው ነጋዴ ዘንድ በተለቀሙ ቁሳቁሶችና በጨዋታው ገንዘብ ይሠራሉ፣ ይሻሻላሉም። ገንዘብ ያለው ልጅ የሌለውን የሚረታበት መንገድ የለም።

ከተቺዎቹ መካከል ደግሞ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት የሚሠራ ወጣት አለ፤ ቀኑን ሙሉ የኳስ ጨዋታ ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውል፣ ስለዚህም አንድ ተጫዋች ስንት ደቂቃ ሲያልፍ ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ እንደሚጀምር በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ነው። ክርክሩ አጭር ነው፦ ስምንት ካርታ ማለት የሚያሸንፍ ስብስብ አንዴ ከተገኘ የሚቀይርበት ምክንያት የለም ማለት ነው። ሰንሰለት የሚሠራለትን ጀግና መርጦ፣ መፈወሻውን ጨምሮ፣ በተመሳሳይ አካሄድ ብዙ ምዕራፎችን አለፈ። «አብሽሩ ጋሼ፣ ጠልቼው አይደለም፤ እጄ ለመደውና አእምሮዬ ሥራ ፈታ» ነበር ያለኝ። በአንድ ተራ ለሦስት ሰው የተመደበው ሦስት ካርታ ብቻ ስለሆነም አንደኛው ጀግና ሰልፍ ላይ ቆሞ ተመልካች ሆኖ እንደሚቀር አስተውሏል፤ ይህ በእርግጥም ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው።

እንግዲህ የእህቴ ልጅም ሆነች የጌም ቤቱ ወጣት የሚያወሩት ስለ ስምንቱ ካርታ ነው። ልዩነታቸው የመጣው እርሷ በየምዕራፉ ስብስቧን እያፈረሰች የምትሠራ፣ እርሱ ደግሞ አንዴ የሠራውን ይዞ የሚገፋ በመሆናቸው ነው። እኔ ወደ እርሷ አደላለሁ፤ ሆኖም ጥፋቱን በሙሉ በወጣቱ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። አንድ ጨዋታ «ካርታህን ቀይር» ማለት የሚችለው በጠላቶቹ አማካይነት ነው። ክዌስት ይህን የሚለው አለቆቹ፣ ማለትም ከተራዎቹ የከበዱት ዋና ጠላቶች ጋ ሲደረስ ነው፤ በእሳት የማይጎዳ፣ በበረዶ ወይም በመብረቅ ግን የሚደነግጥ ጠላት ሲገጥማችሁ፣ ወይም ራሱን ደጋግሞ የሚያበረታ ባላጋራ ሲመጣ፣ የለመዳችሁት ስብስብ ዋጋ ያጣል፤ ያን ጊዜ ጨዋታው በእውነት ሕይወት ይዘራል። በአለቃና በአለቃ መካከል ባሉት ተራ ውጊያዎች ግን ያው አካሄድ እስከ ደጃፉ ያደርሳል። በዚህ ምክንያት ጨዋታውን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከፍ ያለውን የክብደት ደረጃ መርጦ እንዲጀምር እነግረዋለሁ፤ በቀላሉ ደረጃ የተጫወተ ሰው ስለ ክዌስት የሚሰጠው አስተያየት ስለ ሌላ ጨዋታ የተሰጠ ያህል ነው።

ሦስተኛው ክርክር ጨዋታው ምን ያህል «ስቲምፓንክ» (በእንፋሎት ማሽን የሚንቀሳቀስ ምናባዊ ዓለም የሚሳልበት የፈጠራ ዓይነት) ነው የሚለው ሲሆን፣ ይህን ያነሣው ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የሽመና ማሽን መካኒክ የሆነ ጓደኛዬ ነው። የመጀመሪያ አስተያየቱ ነቀፋ ነበር፦ ቤተ መንግሥት፣ ባላባት፣ ዘንዶ፣ አስማት እያሉ እንፋሎቱ ቀለም ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ሮቦቶቹን በሰው ቢተኳቸው ታሪኩ አንድም አይጎድልበትም። በመልክና በታሪክ በኩል ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ጀግኖቹ ሮቦቶች በመሆናቸው የሚጥሏቸው ካርታዎች የተበሱ የማሽን ካርዶች ማለትም ፓንች ካርዶች መሆናቸውን ሲያስተውል ሐሳቡ ተለወጠ፤ ምክንያቱም ይህን ነገር ከሁላችንም በተሻለ የሚያውቀው እርሱ ነው። ፈረንሳዊው ጃካርድ በ1804 ያቀረበው የሽመና መሣሪያ የሚሠራው በዚህ ዓይነት ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ቀዳዳ ባለበት ቦታ መንጠቆው የድሩን ክር ያነሣል፣ ቀዳዳ በሌለበት ክሩ ባለበት ይቀራል፣ ማጉም በተነሣውና ባልተነሣው መካከል ያልፋል፤ ካርዶቹ በተራ ሲያልፉ ጥለቱ ጨርቁ ላይ ይወጣል። ከዚያ እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ይህንኑ ካርድ ተውሶ፣ በእንፋሎት ኃይል እንዲሠራ ያሰበውን የስሌት ማሽን ነደፈ፤ ማሽኑ በእርሱ ዘመን ተሠርቶ ባያልቅም ለዛሬው ኮምፒውተር አስቀድሞ የተጣለ መሠረት ተደርጎ ይቆጠራል። ካርድና እንፋሎት በአንድ ማሽን ላይ እንዲገናኙ የታሰበው እንግዲህ ያኔ ነው፤ ስለዚህ ጓደኛዬ እንደሚለው የክዌስት ስቲምፓንክነት ከሥዕሉ ይልቅ በሕጉ ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያ ግፊት ታጠራቅማለህ፣ ከዚያ ታወጣለህ፤ ሳያጠራቅሙ ማውጣት የለም።

እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ የጎን ሐሳብ ነው። የስቲምፓንክ ዓለም ሁልጊዜ የለንደን ጭስና የባርኔጣ ዓለም ሆኖ ይሳልልናል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ከባሕር ማዶ አስመጥቶ አዲስ አበባ ያደረሰው፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመው የእንፋሎት ማሽን ታሪክ ግን ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ከበቂ በላይ ነው። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ስለ ታሪኩና ስለ ንግግሩ የሚሰማው ቅሬታ ከውጊያው ይልቅ ብዙዎችን ያስማማል። ገጸ ባሕርያቱ ድምፅ የላቸውም፤ የሚናገሩት ሁሉ በጽሑፍ ይወጣል፣ ጽሑፉም ረጅም ነው፤ ቀልዱ ደግሞ በእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማረ አንባቢ ግማሹ ሳይደርሰው ያልፋል። ጨዋታው በአማርኛ አልቀረበም። ከእኔ ጋር ተቀምጠው ያዩት ልጆች አርሚሊና ኮፐርኒካ በተነጋገሩ ቁጥር የማለፊያውን ቁልፍ መጫን ለምደው ነበር፤ በመጨረሻም የማን ልጅ ማንን እንደሚፈልግ ሳያውቁ ውጊያውን ብቻ በልተው ተነሡ። ይህን ስል ታሪኩ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጀግና ነኝ እያለች በልቧ የምትፈራው አርሚሊ በደንብ የተሳለች ናት፤ የጋሌዮና የኮፐርኒካ ንትርክም ያስቃል። ነገር ግን ንግግሩ በሲሶ ቢቀንስ የሚጎድል ነገር አይታየኝም።

«ዲግ»ን ወድደው ወደ ክዌስት የመጡት ደግሞ የተቆጡት በመንገዱ ነው። ዲግ ላይ መሬቱን በፈለጉት አቅጣጫ እየቆፈሩ የራሳቸውን መንገድ ያወጡ ነበር፤ እዚህ ግን ከክፍል ወደ ክፍል ወደ ፊት መሄድ፣ አልፎ አልፎ ጥግ ላይ የተደበቀ ሳጥን መፈለግና ጠላትን መግጠም ብቻ ነው። ቅሬታቸው እውነት ነው፤ እኔን ግን ብዙም አላስጨነቀኝም፣ ምክንያቱም መንገዱ በውጊያና በውጊያ መካከል እግር ማፍታቻ እንጂ ሌላ ነገር ለመሆን አልሞከረም። በእጅ የተሣሉት ሥዕሎች ያማሩ መሆናቸውን የካደ ሰው አላጋጠመኝም። የምቶቹ እንቅስቃሴ ረዘም ይላል የሚሉ አሉ፤ ለእነርሱ ውጊያውን የሚያፈጥን ቁልፍ መኖሩን ማወቅ በቂ ነው።

እኛ አገር ካልሆነ ሌላ ቦታ እምብዛም የማይነሣ አንድ አስተያየት ግን ሰፋ አድርጌ ልጥቀስ። ክዌስት ያለንበትን የሚያስቀምጠው በየቦታው በተተከሉ የጀግና ሐውልቶች ነው፤ ሐውልቱን ስትነኩ ጀግኖቹ ይድናሉ፣ የተደረሰበት ቦታ ይመዘገባል፣ በዚያው ግን የተገደሉት ጠላቶች ተመልሰው ይነሣሉ። መብራት በማይቋረጥበት ከተማ ለሚኖር ተጫዋች ይህ ጥሩ ምርጫ ነው፦ ተመልሼ ልዳንና ውጊያውን እንደገና ልጀምር፣ ወይስ እንደ ቆሰልሁ ወደ ፊት ልግፋ? በክረምት፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ በሚውልበት በደሴ ቀን፣ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ለሚጫወት ሰው ግን ሐውልቱ ከጀግኖቹ ይልቅ የተጫዋቹ መዳኛ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ባትሪው ሃያ በመቶ ሲደርስ ያልተገደለውን ጠላት ሁሉ እየሸሸች ወደ ኋላ ሐውልቱ ድረስ ስትሮጥ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ያጸዳችው መንገድ ሁሉ እንደገና በጠላት ይሞላል። ተመልሰው የሚነሡት ጠላቶች ለሌላም ነገር ያገለግላሉ፤ ልምድ ለማካበት አንዱን ክፍል ደጋግሞ መዞር ይቻላል። ይህን ያደረጉት ሁሉ ጀግኖቻቸው ከሚገባው በላይ ስለሚጠነክሩ ውጊያው እንደ ቀለላቸው ይናገራሉ፤ ከዚያም «ጨዋታው ቀላል ነው» ብለው ያማርራሉ። በእነዚህ ላይ ለመፍረድ አልቸገርም፤ አሠልቺውን ነገር በገዛ እጃቸው የሠሩት እነርሱ ናቸው።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም። ሲወጣ 25 ዶላር ገደማ ነበር፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ገንዘብ በብር ሲተመን ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ከአገር ውስጥ ሆኖ በዶላር መክፈልም የራሱ ጣጣ አለው። የዋጋ ቅናሽ የሚደረግባቸውን ጊዜያት መጠበቅ ያዋጣል። ጨዋታው ቀላል ሥዕል ስላለው ያረጀ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል።

ስቲምወርልድ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል፤ በ2023 ከተማ የሚገነባበት «ቢልድ»፣ በ2024 ደግሞ «ሃይስት 2» ወጥተዋል፤ የክዌስት ተከታይ ግን ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ አልመጣም። ቢመጣ ምን መምሰል አለበት በሚለው ላይ ባለፈው እሑድ ከኮምቦልቻ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ ደሴ ከመጣው መካኒክ ጓደኛዬ፣ ከእህቴ ልጅና ከጌም ቤቱ ወጣት ጋር ቡና ላይ ተነጋግረን አልተስማማንም። ወጣቱ ለእያንዳንዱ ጀግና ካርታው አሥራ ሁለት ይሁን ይላል። የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ከሆነ የሚፈለገው ካርታ ዘግይቶ ስለሚመጣ ማሰቡ ቀርቶ መመኘት ይጀመራል ብላ አጥብቃ ተቃወመች። መካኒኩ ስምንቱ እንዳለ ሆኖ በአንድ ተራ የሚጣለው ከሦስት ወደ አራት ከፍ ቢል ሦስተኛው ጀግና ከተመልካችነት ይወጣል የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ይህኛው ከሁሉም ያሳመነኝ ነው፣ ሆኖም የሰንሰለቱ ሽልማት እጅግ ቀላል እንዳይሆን ሰንሰለቱም አራት ካርታ መጠየቅ ይኖርበታል። የእኔ ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ስምንቱም ሦስቱም ባሉበት ይቆዩ፣ በየመንገዱ የሚገጥሙት ተራ ጠላቶች ግን እንደ አለቆቹ ካርታ የሚያስቀይሩ ይሁኑ።